«ከየት ልጀምርልሽ?»፦ ሰው ለምን ታሪክ ይነግራል?

(ደሴ ውስጥ በተዘጋጀ የንባብ ምሽት ላይ ያቀረብሁት ንግግር ነው። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ጥቂት ቃላት ከማስተካከል በቀር አልተነካም።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ወንበር አጥታችሁ ከፊት መሬት ላይ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አመሻችሁ? ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ አለይኩም። አንዱን ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ መድረክ ላይ መቆም በወሎ ደንብ ስላልሆነ ሁለቱንም ብያለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ንባብ ጥቅም እንድናገር ነበር የጋበዙኝ። ስለ ንባብ ጥቅም የሚናገር ሰው በዚህ ከተማ ሞልቷል፤ እኔ ግን በ1975 ዓ.ም ተመርቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ስመላለስ የኖርሁ ነርስ እንጂ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ፈቃዳችሁ ከሆነ ከመጽሐፍም ከፊደልም በፊት ወደነበረው ነገር ልመለስ። ሰው ለምን ታሪክ ይነግራል? የተነገረውስ ታሪክ ምን ያደርገናል?

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው፤ አንዲት ወጣት እናት ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ያስለዋል፣ ትኩሳት አለው፣ ትንፋሹም ይፈጥናል። ውጭ ሰልፉ ረጅም ነበር። «ምን ሆነ?» አልኋት። «እንግዲህ ሲስተር፣ ከየት ልጀምርልሽ? ሰኞ ዕለት እህቴ ከኩታበር ለገበያ መጣችና…» ስትል «እህትሽን ተያትና ልጁ ምን ሆነ?» ብዬ አቋረጥኋት። አፈረች። «ያስለዋል» ብላ ዝም አለች። እኔም የሳንባ ምች ነው ብዬ መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት።

በማግሥቱ ልጁ ብሶበት ተመለሰች። ያን ቀን የተቀበሏት በዕድሜ የገፉ ድሬሰር ነበሩ። ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡና «እስቲ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሏት። ከመጀመሪያው ነገረቻቸው። እህቷ ገበያ ውላ ለፋኖሷ የሚሆን ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ገዝታ ነበር፤ አዳሯ እዚያው ስለሆነ ጠርሙሱን ከመደቡ ሥር አኖረችው፤ ሕፃኑ አግኝቶ ተጎነጨ። ሳንባውን የጎዳው ጋዙ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ልጁ ድኗል። እኔ ግን «እህትሽን ተያት» ያልሁትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ምክንያቱም በሽታው ያለው እህትየዋ ጋ ነበር!

ቤክማንና ፍራንኬል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1984 ያሳተሙት ጥናት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ታማሚው ችግሩን መናገር ከጀመረ በኋላ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። ያነበብሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስንት ሰከንድ እንደታገሥኋት ሰዓት አልያዝሁም፤ 18 እንደማይሞላ ግን እገምታለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር ላነሣ አስቤአለሁ። አንደኛ፣ ሰው ለምን ታሪክ ይነግራል? ሁለተኛ፣ ታሪክ የሚሰማውን ሰው ምን ያደርገዋል? ሦስተኛ፣ የሚናገረውንስ? ሁለተኛው ላይ ብዙ ብቆይ ታገሡኝ፤ የኖርሁት እዚያ ላይ ነው።

«ታሪክ» ስል የትኛውን ታሪክ እንደሆነ ተማሪዎቹ ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ቋንቋችን ለነገሥታቱም ለጎረቤቴም ገጠመኝ አንድ ቃል ነው የሰጠው። የሆነውም ታሪክ ነው፣ ስለሆነው ነገር የሚነገረውም ታሪክ ነው። ተረትና ወግ ብለን እንለያለን እንጂ አንዲት እናት «ታሪኬን ልንገርሽ» ስትል ሁለቱንም ማለቷ ነው፤ የደረሰባትንና እሷ ያገጣጠመችውን። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ስለማገጣጠሙ ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ሩቅ አልሄድም፤ የቆምንበትን መሬት ስም ልውሰድ። ዐፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳሉ በሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ቦታውን «ደሴ» አሉት እየተባለ ሲነገር ሁላችንም ሰምተናል። እ.ኤ.አ በ1882 በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ እንደነበረ የሥነ ፈለክ ሰዎች መዝግበዋል። አሁን አስቡት፤ ጅራታም ኮከብ ምንድን ነው? በረዶና አቧራ ነው። በረዶና አቧራ ለማንም ደስታ አያበሥርም፤ መንገዱን ይሄዳል እንጂ። በብዙ አገር ያንኑ ዓይነት ኮከብ ያየ ሰው የመቅሠፍት ምልክት ነው ብሎ ተንቀጥቅጧል። እዚህ ደስታ ሆነ፤ እኛም ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ደስታ በሚል ስም ውስጥ እንኖራለን። ሰማዩ ምንም አላለም፤ ያለው ሰው ነው።

ይህ የነገሥታት ጠባይ ብቻ አይምሰላችሁ። ሃይደርና ሲምል የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች እ.ኤ.አ በ1944 አንድ አጭር ፊልም ሠርተው ለ34 ሰዎች አሳዩ። በፊልሙ ውስጥ ሰው የለም፣ እንስሳ የለም፤ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ አንዲትም ክብ፣ ተከፍቶ በሚዘጋ ሳጥን ዙሪያ ይንቀሳቀሳሉ። ያያችሁትን ጻፉ ተባሉ። ከ34ቱ ሰዎች ቅርጾች ተንቀሳቀሱ ብሎ የጻፈው አንድ ብቻ ነበር። የቀሩት ትልቁ ጉልበተኛ ነው፣ ትንሹ ለእሷ ሲል ተጣላ፣ እሷ ፈርታ ቤት ገባች እያሉ ጻፉ። ከመስመርና ከክብ የትዳር ጠብ አወጡ ማለት ነው! እናንተ ብትሆኑ ሌላ ነገር የምትጽፉ ይመስላችኋል?

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ማታ ነው። ያደግሁት ገራዶ ነው። አያቴ ቀን ቀን ተረት አታወራም፤ «ቀን ተረት ካወሩ ከብት ይጠፋል» ትለን ነበር። ከብቱ ተሰብስቦ፣ እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ወደ ፍምነት ሲወርድ ግን «ተረት ተረት» ትላለች፤ እኛም «የላም በረት» እንላለን፤ ከዚያ ወዲያ የጅብ ድምፅ ከውጭ ቢሰማም አንፈራም፤ ጅቡ ተረቱ ውስጥ ሞኝ ሆኗላ! የቀኑ ክልከላ ሥራ እንዳንፈታ የተፈጠረ ማስፈራሪያ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከዚያ የጠለቀ ነገር ኖሮታል። ፖሊ ዊስነር የተባለች አንትሮፖሎጂስት በናሚቢያና በቦትስዋና በረሃ የሚኖሩትን የጁሆዋንሲ ሕዝቦች ጨዋታ ቀንና ማታ ለይታ አጥንታ እ.ኤ.አ በ2014 አሳተመች። ቀን ቀን የሚነጋገሩት ስለ ሥራ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ አቤቱታና ስለ ሐሜት ነው፤ ታሪክ ከመቶው 6 ብቻ። ማታ በእሳት ዳር ግን ከመቶው 81 ታሪክ ሆኖ ተገኘ። ቀን የተጣሉት ማታ አብረው ይስቃሉ፤ ሩቅ ያሉ ዘመዶችና የሞቱ ሰዎች በወሬው ውስጥ ይመጣሉ።

በፊሊፒንስ አግታ በሚባሉ አዳኝ ሕዝቦች መካከል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ በ2017 ነው። ጥሩ ተራኪ የሚበዛበት ሰፈር ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ይበልጥ ይረዳዳሉ፤ ከማን ጋር መኖር ትፈልጋላችሁ ሲባሉም ጎበዝ ተራኪውን ከጎበዝ አዳኝ አስቀድመው ይመርጣሉ። አንዱ ተረታቸው ፀሐይና ጨረቃ ሰማዩን ማን ያብራ ብለው ተጣልተው፣ በጉልበት ሲተካከሉ ቀንና ሌሊት የተካፈሉበት ነው። ይህን ስሰማ አበጋሮቻችን፣ የወሎ የዕርቅ ሽማግሌዎች፣ ትዝ አሉኝ፤ የሁለቱንም ወገን ነገር ከሥሩ ሳይሰሙ ደም አያደርቁምና።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነኝ። ታሪክ የሚሰማውን ምን ያደርገዋል?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮምቦልቻ ነበርሁ። ኮምቦልቻ የመንገድ ከተማ ናት፤ የጭነት መኪና ሹፌርና ረዳት ያድርባታል፤ ኤች አይ ቪ የሚገባውም በመንገድ ነበር። እኔና ባልደረቦቼ ፖስተር ይዘን፣ ከመቶው ይህን ያህል፣ ከሺው ያን ያህል እያልን እናስተምር ነበር። ሹፌሮቹ ጨዋዎች ስለሆኑ ያዳምጡናል፤ አንዳንዱም ዓይኑን ከድኖ ያዳምጣል! ስንጨርስ ያጨበጭባሉ፤ አንድም ሰው ተከትሎን አይመጣም። ይህን ዓመት ሙሉ አየሁት። ስሕተቱ የእነሱ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በ1994 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የሚባል ተከታታይ ድራማ ተጀመረ፤ እስከ 1997 ዓ.ም ድረስ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የሚባለው ድርጅት ያዘጋጀው ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሴቶች ኑሮ ነበር። ትልልቆቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ደብዳቤ ጽፎለታል። በድራማው ሰዓት ምግብ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ አስተናጋጇ ትሪ እንደያዘች ትቆማለች። እኛ ክፍል የሚመጣው ሰው ጥያቄ ተለወጠ። አንድ ሹፌር፣ ትልቅ ሰው ነው፣ በሩን ዘግቶ «ሲስተር፣ ያ ሰውዬ ሚስቱን ሳይነግራት የቀረው ልክ ነው?» አለኝ። የትኛው ሰውዬ ብዬ ደነገጥሁ። የድራማውን ሰው ነው! ስለዚያ ሰውዬ ግማሽ ሰዓት ተወያየን። በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ ደሜን እዩልኝ» ብሎ ክንዱን ዘረጋ። ስለ ራሱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለ ራሱ ብቻ ግን ነበር ስናወራ የቆየነው። እኔ በፖስተሬ ፊት ለፊት ገጥሜው ነበር፤ ድራማው ከጎኑ ተቀመጠ።

ቁጥር ለምን አይነካንም? እኔ ቁጥር የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ያለ ቁጥር ክትባት አይታቀድም፣ መድኃኒት አይታዘዝም። ነገር ግን ይህን ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ በ2007 በታተመ ጥናት ለተማሪዎች አምስት አምስት ዶላር ሰጥተው ከሱ ላይ ለረሃብተኛ እንዲለግሱ ጠየቋቸው። ስለ ሚሊዮኖች ረሃብ ቁጥር የተነገራቸው በአማካይ 1.14 ዶላር ሰጡ። ሮኪያ ስለምትባል ስለ አንዲት የ7 ዓመት የማሊ ልጅ ብቻ የተነገራቸው 2.38 ዶላር ሰጡ። የሮኪያንም ታሪክ፣ የሚሊዮኖቹንም ቁጥር አንድ ላይ የሰሙትስ? ብዙ ይሰጣሉ ትላላችሁ አይደል? 1.43 ብቻ። ቁጥሩ ሲጨመር ልጅቷ ደበዘዘች።

ወሎዬ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። በ1976 ዓ.ም መጋቢት ላይ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ ነው ብሎ ለዓለም ቁጥር አቅርቦ ነበር። የመጣው ምላሽ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከሰባት ወር በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ከኮረም በመሐመድ አሚን ካሜራ የተቀረጸ የጥቂት ደቂቃ ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያኔ ዓለም ተነሣ፤ አውሮፕላኑም ስንዴውም መጣ። ልብ በሉ፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ስንት ሰው አለፈ? ቁጥሩ እውነት ነበር፤ ፊት ግን አልነበረውም።

ያ ታሪክ ነፍስ አድኗል፤ አልክደውም፤ እኔ ራሴ ያን ስንዴ ያደልሁ ነኝ። ግን ደግሞ ታሪክ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ አይደለም። ያ ፊልም ከታየ አርባ ዓመት አለፈው፤ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ «ከወሎ ነኝ» ስል የአንዳንዱ ሰው ፊት በሐዘን የሚለወጠው ለምንድን ነው? አምባሰልና ባቲ የተዜመበት፣ መንዙማው የሚንቆረቆርበት አገር በአንድ የካሜራ ዓይን ታስሮ ቀረ። ታሪኩ ውሸት ስለነበረ አይደለም። አንድ ብቻ ስለነበረ ነው።

አደራደሩም ጉልበት አለው። በ1965 ዓ.ም ልጅ ሆኜ በደሴ መንገድ ዳር የተኮለኮለውን ረሃብተኛ በዓይኔ አይቻለሁ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያንን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። በ1967 ዓ.ም የዘመን መለወጫ ዕለት ማታ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ስላልነበረ እኔ አላየሁትም፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የአባቴ ወዳጅ ነው የተረከልን። ረሃቡም እውነት ነው፣ ግብዣውም እውነት ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ለብቻቸው ያልነበራቸውን ነገር ተናገሩ። ስለዚህ ተማሪዎች፣ አንድ ታሪክ ስትሰሙ «እውነት ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ «ከምን ቀጥሎ ነው የተነገረኝ? ማንስ ነው ያስቀጠለው?» በሉ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ደሴ የነበረ ሰው፣ አንድ ከስልክ ወደ ስልክ የሄደ ወሬ ሰፈርን በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያስነሣ ስለሚያውቅ በዚህ ላይ አልጨምርም።

መድረክ መሪያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው፤ አይቻለሁ። ሦስተኛውን በአጭሩ።

የሚናገረውን ሰው ታሪኩ ምን ያደርገዋል? ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ተማሪዎችን በተከታታይ አራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ክፉ ነገር አስጻፋቸው፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ በ1986 ነው። ጽፈው ሲነሡ ይበልጥ ያዝኑ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ አነሰ። ይህ ለሁሉ ሰው ይሠራል ብዬ አልምልም፤ ቁስሉ ሳይደርቅ «ተናገር፣ ተናገር» እየተባለ የባሰበት ሰውም አይቻለሁ። ጊዜውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።

እኔ የ77ቱን ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ከደሴ በስተሰሜን በነበረ አንድ መጠለያ ነበርሁ፤ ሥራዬ በየጠዋቱ የታመመውንና ያረፈውን ቆጥሮ መመዝገብ ነበር። ቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው። ቤቴ ስለዚያ አይነሣም፤ ልጄም አትጠይቀኝም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ቡና አፍልታ፣ አቦሉን ጠጥተን፣ ቶናውን ስትቀዳ «እማዬ፣ መጠለያው ውስጥ ማታ ማታ ምን ታደርጉ ነበር?» አለችኝ። ስለ ቀኑ ብትጠይቀኝ ዝም እላት ነበር። ስለ ማታ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ከየት ልጀምርልሽ?» ስል ራሴን ሰማሁት።

ከአንድ አዛውንት ጀመርሁላት። ስማቸውን አላውቅም፤ ከድንኳኑ ዳር የሚቀመጡ ነበሩ። ጀምበር ስትጠልቅ መቆም የሚችሉት ልጆች እሳቸው ዘንድ ይሰበሰባሉ። «እንቆቅልህ?» ይላሉ አዛውንቱ፤ «ምን አውቅልህ?» ይላሉ ልጆቹ፤ ድምፃቸው እንደ ጫጩት ነው። መልሱን ሲያጡት «አገር ስጡኝ» ይሏቸዋል። ልጆቹ አዲስ አበባን ይሰጣሉ፤ አዛውንቱም «አዲስ አበባ ገብቼ፣ ምን አጥቼ! ጮማ ቆርጬ፣ ጠጅ ጠጥቼ…» እያሉ ይዘረዝራሉ። ከዳቦው እስከ ማሩ አንዱንም አይዘሉም። ልጆቹ ይስቃሉ። በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ይስቃሉ። እኔ መዝገቤን ይዤ ቆሜ ይህ ጭካኔ ነው ወይስ ደግነት እያልሁ መለየት ያቅተኝ ነበር።

አንድ ማታ ከቆቦ የመጣ ልጅ ተራው ደረሰ። «አገር ስጠኝ» አሉት። ልጁ ከቆቦ በቀር አገር አያውቅም፤ «ቆቦን ሰጠሁዎት» አለ። ሁላችንም ዝም አልን፤ ቆቦ ምን እንደተተወ እናውቃለን። አዛውንቱ ልጁን ትክ ብለው አዩት፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና «ቆቦ ገብቼ፣ ምን አጥቼ!» አሉ። «ከናትህ ማሳ ገብቼ፣ የማሽላ እሸት ቆርጬ፣ በፍም ጠብሼ፣ ለአንተም ሰጥቼ…» ልጁ እጁን ዘረጋ። አዛውንቱም ከባዶው መዳፋቸው ላይ ፈልፍለው ሰጡት።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።